የኦራሊያ ካንቱ ተፎካካሪ

የአክስቴ ልጅ ኦራሊያ ካንቱ ኤፍራይን ሴፑልቬዳን መጥላት የጀመረችው ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ምክንያቱን በተናገረች ቁጥር ትለዋውጠዋለች። አንዳንዴ የሒሳብ ፈተና ላይ በግማሽ ነጥብ ስለበለጠኝ ነው ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ መብለጡ ሳይሆን፣ ከበለጠኝ በኋላ ዞር ብሎ ፈገግ ስላለብኝ ነው ትላለች። እሱን ብትጠይቁት ፈገግ ማለቱን ጨርሶ አያስታውስም።

የእሷና የእኔ እናቶች እህትማማቾች ናቸው። ቤታችን ጎን ለጎን፣ ጓሯችንም አንድ ነው፤ ስለዚህ የኦራሊያ ነገር ሁሉ ከማንም በፊት እኔ ጆሮ ይደርሳል። በአንድ ክፍል ብትበልጠኝም መኪና የምነዳው እኔ ነበርኩ። እሷ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቃለች። በሕይወቷ የወደቀችው ፈተና እሱ ብቻ ነው፤ ኤፍራይን ደግሞ ያንኑ ቀን ተፈትኖ አልፏል። ይህን ቤታችን ውስጥ ማንሳት ክልክል ነበር።

የምንኖረው በደቡብ ቴክሳስ፣ ከድንበሩ ወንዝ ወዲህ ባለችው የብርቱካን ከተማችን ነው። አባቷ አጎቴ ቼማ በብርቱካን ማሸጊያው የሠራተኞች አለቃ ነው። እናቷ አክስቴ ሚንዳ የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱም ልጃቸውን አጥኚ ብለው የተቆጡበትን ቀን አላስታውስም። እንዲያውም አክስቴ ሚንዳ ኦራሊያ ሁለተኛ ወጥታ ስታለቅስ ካገኘቻት፣ ሁለተኛም እኮ ቁጥር ነው ብላ ሳህኗ ላይ ሩዝ ትጨምርላት ነበር። ኦራሊያ ግን ፈጣሪ በራሱ ጊዜ ውስጧ ሞተር የገጠመላት ልጅ ናት። ምግብ ላይ ታነባለች፤ ስትናገር ከራሷ ጋር የምትሽቀዳደም ይመስላል፤ እስክሪብቶ አትሰጧትም እንጂ ከሰጣችኋት ጫፉን በልታ ነው የምትመልሰው።

ኤፍራይን የእሷ ተቃራኒ ነበር። ቀጭን፣ ግራኝ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሁልጊዜ የሚጠቀልል፣ በየትም ቦታ አርፍዶ የሚደርስ ልጅ። ሲያጠና ያየው ሰው የለም። ፈተናውን ከሁሉም ቀድሞ ይጨርስና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ በመስኮት ወፍ ያያል። ኦራሊያን የሚያቃጥላት ይህ ነበር። አንድ ቀን፣ ያቺን ወፍ አንቄ ብገድላት ደስ ይለኛል አለችኝ።

ሁለቱ በስማቸው አይጠራሩም። እሷ ሴፑልቬዳ ትለዋለች፤ እሱ ካንቱ ይላታል። አንዱ ሴሚስተር እሷ አንደኛ፣ ሌላው እሱ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ ወላጆች በደረጃ ምክንያት እየተጣሉ ስላስቸገሩ ትምህርት ቤቱ ደረጃ መለጠፍ አቆመ፤ አንደኛው የሚታወቀው በመጨረሻው ዓመት ግንቦት ላይ ብቻ ነው ተባለ። ለሌላው ተማሪ ይህ እፎይታ ነበር። ለኦራሊያ ግን ሰዓት የሌለበት ሩጫ ሆነባት። ከዚያ ወዲያ የራሷን ውጤት ማስላቱ አልበቃ ብሏት የእሱንም ታሰላ ጀመር። የኤፍራይንን የኬሚስትሪ ውጤት ከገዛ እናቱ አስቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተጀመረው፣ የመጨረሻው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ሁለቱም በትምህርት ቤቱ የጥያቄና መልስ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ሳን አንቶኒዮ ሄደው ከአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ጋር ገጠሙ። ውጤቱ እኩል ሆኖ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሱ፤ ደወሉን ቀድሞ የተጫነ ነው የሚመልሰው። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ተገኝቶ ኋላ ምድር ላይ የተገኘው ጋዝ የቱ ነው፣ ተባለ። ኦራሊያ ይህን በእንቅልፏም ታውቀዋለች። ያን ቀን ግን ጠፋባት። አፏን ከፍታ ቀረች። አጠገቧ ያለው ኤፍራይን እጁን ደወሉ ላይ አድርጎ እሷን እያየ ዝም አለ። ተጋጣሚዎቻቸው ተጫኑ፤ ሂሊየም አሉ፤ ዋንጫውን ወሰዱ።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን ትታ ከአጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«አውቀኸው ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልተጫንክም?»

«አንቺም ታውቂው ነበር። ምላስሽ ላይ ደርሶ ነበር፤ አየሁት። ከአፍሽ ልነጥቅሽ አልፈለግኩም።»

«በአንድ ቡድን ነው እኮ የምንጫወተው፣ ሴፑልቬዳ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ እኔም አልገባኝም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በጓሮ በኩል ወደ እኔ መጣች። ሰድቦኛል ወይስ አክብሮኛል የሚለውን ልትለይ አልቻለችም። ቢሰድባት መልሳ ትሰድበዋለች፤ ያ የለመደችው ነው። ቢያከብራት ግን ምን ይደረጋል? ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስታመነዥክ ሰነበተች። እኔ ምናልባት ወዶሽ ይሆናል ስላት፣ እንደ እብድ አየችኝና ሂሊየም ነው እኮ የምልሽ አለች።

ጥር ላይ ትምህርት ሲከፈት ሌላ ወሬ ተሰማ። ኤፍራይን ካልኩለስ ትቷል። ይህ ትምህርት ከሁሉም ከባዱ፣ ለደረጃም ከሁሉ የበለጠ ነጥብ የሚያሰጠው ነው። እሱን የተወ ሰው አንደኝነቱን ተወ ማለት ነው። ጓደኞቿ ከበው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። እሷ ግን ምሳዋን ሳትነካ ወጥታ የሙዚቃ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ደስ ያለው ሰው አይመስልም፤ ቦርሳዋን ገበያ ላይ የተነጠቀች ትመስል ነበር። ለእኔ ብሎ ከሆነ አልፈልገውም አለች። ንቆኝ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ይንገረኝ። ማታ ማታ ማን ላይ ልናደድ ነው እኔ? ይህን መጨረሻ ያለችውን በዝግታ ነበር የተናገረችው። እኔ የሰማሁት ይሄኛውን ነው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ሴፑልቬዳዎች ቤት ነዳኋት። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። ሦስት ክፍል ያለው ንግግር ነው፤ መግቢያውን ሁለት ጊዜ አሰማችኝ።

የኤፍራይን እናት ዶኛ ኤልቪራ ልብስ ሰፊ ናት። በከተማችን አሥራ አምስት ዓመት የሚሞላት ልጅ ሁሉ የድግሷን ቀሚስ የምታሰፋው እሷ ጋ ነው። በሩን ስትከፍት በከንፈሯ ስፒሎች ነክሳ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ ነበር። ኦራሊያን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ አንቺ ኦራሊያ ነሽ፣ ግቢ፣ ቁመትሽ ልክ ነው አለቻት። የጀመረችው ቀሚስ ለቅዳሜ መድረስ አለበት፤ የሚሰፋላት ልጅ ደግሞ ሞንቴሬይ አያቷ ዘንድ ሄዳ አልተመለሰችም። ኦራሊያ ንግግሯን የምትጀምርበት ጊዜ እንኳ አላገኘችም። እኔ ሶፋው ላይ በነጭና በሮዝ ቀሚሶች መካከል ተሸጉጬ ሳይ፣ እሷ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳ በርጩማ ላይ ቆማለች፤ ዶኛ ኤልቪራ ዙሪያዋን እየተንበረከከች ጫፉን ትሰፋለች።

«ልጄ እራት ላይ ሌላ ወሬ የለውም» አለች ዶኛ ኤልቪራ ስፒሎቹን እንደነከሰች። «ዛሬ ካንቱን በለጥኩ፣ ዛሬ በካንቱ ተበለጥኩ ነው። አባቱማ ካንቱ ማለት ወንድ ልጅ መስሎት ነው የኖረው።»

ኦራሊያ ፊቷ ከቀሚሱ ጋር አንድ ቀለም ሆነ።

ኤፍራይን የገባው በዚህ መሀል ነው። ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ካንቱ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልሰድብህ ነው የመጣሁት» አለችው።

«እንዲህ ለብሰሽ?»

እኔ ሳቄን በአንዱ ቀሚስ ሸፈንኩት። እሷ እጇን ብታነሳ ስፒል ይወጋታል፤ ብትወርድ ጨርቁን ትረግጣለች፤ ስለዚህ እንደ ሐውልት ደርቃ ካልኩለስን ለምን እንደተወ ጠየቀችው። እሱም ጫማውን እያወለቀ ነገራት። አባቱ ዶን ላሎ የመስኖ ቦዩን ፓምፕ ይጠብቃል፤ በገና ሰሞን ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ተጎድቶ ጓዳ ተኝቷል። ሥራው እንዳይወሰድበት ጠዋት ጠዋት አጎቱ፣ ከሰዓት በኋላ እሱ ፓምፑን ሊጠብቁለት ተስማምተዋል። ካልኩለስ ደግሞ የሚሰጠው በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

«ሁሉ ነገር ስለ አንቺ ይመስልሻል፣ አይደል?» አለ ሲጨርስ።

ኋላ መኪና ውስጥ እንደነገረችኝ፣ ለእሷ ብሎ ትቶት ቢሆን በዚያው በርጩማ ትፈነክተው ነበር። ለእሷ ብሎ አለመሆኑን ስትሰማ ግን እፎይ ማለት ሲገባት ከፋት። ለምን እንደከፋት ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። እዚያ በርጩማው ላይ ሆና ግን ያለችው ሌላ ነው።

«የካልኩለስ አገር አቀፍ ፈተና ግንቦት ላይ ነው። ክፍል ሳትገባም መፈተን ትችላለህ። እኔ አስተምርሃለሁ።»

«ለምን?»

«በደንብ ላሸንፍህ።»

ኤፍራይን እናቱን አየ። ዶኛ ኤልቪራ ቀና ሳትል፣ አትነቃነቂ የኔ ልጅ፣ ትወጊያለሽ አለች።

እንዲህ ሆኖ ኦራሊያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ወደ ፓምፑ ቤት መሄድ ጀመረች። እኔ አደርሳታለሁ፤ ከዛፍ ሥር መኪናውን አቁሜ ክላሪኔቴን እለማመዳለሁ። የፓምፑ ሞተር ጩኸቱ ሌላ ነው፤ አጠገቡ የቆመ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ካልኩለሱን የሚያጠኑት እየተጯጯሁ ነበር። ከሩቅ ለሚያያቸው የተጣሉ ባልና ሚስት ይመስላሉ። አይደለም፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው የምልህ፤ ገብቶኛል አትጩሂብኝ፤ ካልጮህኩ አትሰማኝም እኮ። የብርቱካኑ አበባ ሲፈነዳ፣ መጋቢት ላይ፣ ሽታው እስከ መኪናው ድረስ መጥቶ ራስ ያዞራል። ኦራሊያ ስትመለስ ፀጉሯ ውስጥ ነጭ አበባ ይገኛል፤ ነፋሱ ነው ትላለች።

ሳታውቀው ነገሮች ተለወጡባት። በፊት ለፈተና የምትዘጋጀው እሱን ለመብለጥ ነበር። አሁን እሱ የሚጠይቃትን ለመመለስ ማታ ትዘጋጃለች። አንድ ጥያቄ ከእሷ ቀድሞ በአዲስ መንገድ ከሠራ፣ እንደ ድሮው ሆዷ ይቃጠላል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሮጣ ለሰው ሁሉ ልትነግርለት ያምራታል። ሁለቱ ስሜት አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ ጠየቀችኝ። እኔ ክላሪኔት ተጫዋች ነኝ፤ ምን አውቄ።

አንድ ቀን እንዲህ እየተጯጯሁ ሳለ ፓምፑ ድንገት ቆመ። ቦዩ ሞልቶ ኖሮ ራሱን አጥፍቶ ነው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጸጥታ ሲወርድ ሁለቱም ደነገጡ። ቀስ ብሎ መነጋገር ለምደው አያውቁም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያወሩት ወይ በነገር ነው ወይ በጩኸት። ኦራሊያ ወረቀቱን አየች፤ ኤፍራይን ቦዩን አየ። ከዚያ ማን ወደ ማን እንደተጠጋ ዛሬም ይጨቃጨቁበታል፤ ብቻ ሳማት። ሲጨርስ እሷ ወረቀቱን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ እዚህ ጋ ምልክቱን ተሳስተሃል፣ ኔጌቲቭ ነው አለችው። እሱም ላጲስ አንስቶ አጠፋው።

መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ፈታችው። እንደገና አሰረችው። ንጂ አለችኝ፤ ሞተሩን ሳስነሳ ቆይ አለች። መጨረሻ ላይ የሆነውን ነገረችኝ።

ያ ነገር በዚያው ቢቀጥል ጥሩ ነበር። ነገር ግን ትንሽ ከተማ ነው፤ የመስኖ ሠራተኞች አይተዋል፤ ወሬው ትምህርት ቤት ገባ። ምሳ ላይ አንዷ ልጅ ሴፑልቬዳ ብልጥ ነው አለቻት፣ በእስክሪብቶ ቢያቅተው በሌላ መንገድ መጣብሽ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ኦራሊያም አብራ ሳቀች። ማታ ግን ጓሮ መጥታ በቁም ነገር ጠየቀችኝ።

«ቤሊ፣ ሰው ለማሸነፍ ብሎ ይስማል?»

«አንቺ ብትሆኚ ትስሚያለሽ?» አልኳት።

አሰበችበት። በእውነት አሰበችበት። ከዚያ፣ እንደ ሴሚስተሩ ይወሰናል አለች።

ወደ ፓምፑ ቤት መሄድ አቆመች። ምክንያት አልሰጠችም፤ እሱም አልጠየቀም። እሱም ኩሩ ነው፤ የሚለምን ልጅ አይደለም። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ደህና ነሽ ካንቱ፣ ደህና ነኝ ሴፑልቬዳ ተባብለው ይተላለፋሉ። እሷ የጠበቀችው ጥላው ስትሄድ አእምሮዋ እንዲጠራ ነበር። እንዲያውም ደፈረሰ። የእንግሊዝኛ ድርሰቷ ላይ በሕይወቷ አይታ የማታውቀውን ውጤት አመጣች። መምህሯ ጠርታ ቤት ሰላም ነው ወይ አለቻት። ኦራሊያ ቤት ሰላም ነው፣ እኔ ነኝ ሰላም ያልሆንኩት ልትል አስባ፣ ድካም ነው አለች።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አልቻለችም፤ ውሰጂኝ አለችኝ። ፓምፑ ጋ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ከዘራ ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ኤፍራይን መሬት ላይ ወረቀት ዘርግቷል። ሰውዬው ዶን ላሎ ነበር፤ ያን ሰሞን መራመድ ጀምሮ ነበር። ኦራሊያን ሲያይ ኮፍያውን አነሳላት፤ ቀስ ብሎ ተነስቶ ሞተሩን አጠፋውና፣ ቦዩን ልይ ብሎ በከዘራው እየተራመደ ሄደ። ቦዩ ምንም አልነበረበትም።

እኔ በመስኮቱ እሰማ ነበር፤ አልደብቅም።

«ለማሸነፍ ነው የሳምከኝ?» አለችው።

ኤፍራይን ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወው።

«ኦራሊያ፣ እኔ ክፍሉን የተውኩት ጥር ላይ ነው። የምን ማሸነፍ?»

በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። እሷ ይህን ያስተዋለችው ቆይታ ነው፤ እኔ ግን ወዲያው ሰማሁት።

«እንግዲህ አላውቅም» አለች።

«እኔም አላውቅም። ይቺ ልጅ ባትበልጠኝ ኖሮ አያት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄ ነበር። መልሱን አላገኘሁትም።»

«እኔም ጠይቄያለሁ።»

«እና?»

«እኔም አላገኘሁትም» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነህ?»

የተሳሳተውን ምዕራፍ ሲያጠና ነበር የሰነበተው። እስኪመሽ አስጠናችው።

ፈተናውን ሁለቱም ተፈተኑ፤ ሁለቱም ጥሩ ሠሩ። በግንቦት ማለቂያ ላይ የተማሪዎች አማካሪዋ ኦራሊያንና ኤፍራይንን ወደ ቢሮዋ አስጠራች። ሁለቱም ለምን እንደተጠሩ አውቀው ነበር፤ አንደኛ የወጣ ተማሪ ምረቃው ላይ ንግግር ያደርጋል። በረንዳው ላይ ሲሄዱ ኤፍራይን፣ ንግግርሽን አሳጥሪው፣ ሙቀት ነው አላት። እሷም ውስጥ ውስጡን ለሦስት ሳምንት የተለማመደችው ንግግር ነበራት፤ ያኔ ግን አንድ ቃሉ አልመጣላትም። ካልኩለስን ቢተውም በሌላው ትምህርት አካክሶ ቢሆንስ? ሆን ብሎ ሳያካክስ ቀርቶ ቢሆን ትጣላዋለች። አካክሶ ቢበልጣት ደግሞ… እዚህ ስትደርስ ሐሳቧ ይቋረጣል።

ቢሮው ውስጥ አንዲት ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ዙሌማ ትባላለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ነው ከወንዙ ማዶ የመጣችው፤ ያኔ እንግሊዝኛ የምታውቀው ሰላምታ ለመስጠት ያህል እንኳ አልነበረም። ከኋላ ትቀመጣለች፤ አትናገርም። በየዓመቱ በበጋው ረጅም ዕረፍት አውቶቡስ ተሳፍራ ኮሌጅ እየሄደች ተጨማሪ ትምህርት ትወስድ እንደነበር፣ እነዚያም ከካልኩለስ እኩል ነጥብ እንደሚያሰጡ አንድም ሰው አላስተዋለም። አማካሪዋ ሦስቱንም እንኳን ደስ ያላችሁ አለችና፣ አንደኛዋ ዙሌማ፣ ሁለተኛዋ ኦራሊያ፣ ሦስተኛው ኤፍራይን መሆናቸውን ነገረቻቸው።

ኦራሊያ የመጀመሪያው ስሜቷ ምን እንደነበር ልትነግረኝ ብዙ ሞከረች። መሬት አልተከፈተም። አልተናደደችም። ለስድስት ዓመት አንድ በር ስትገፋ ኖራ፣ ሰው በጎኗ በሌላ በር ገብቶ ተቀምጦ እንዳገኘች ሆነባት። ኤፍራይንን አየችው፤ እሱም እያያት ነበር። እንዴት አላየንሽም አለቻት ዙሌማን። ነውር መሆኑ የገባት ካለችው በኋላ ነው።

ዙሌማ አልተቀየመችም። «እናንተ እርስ በርስ ስትተያዩ አራት ዓመት ከኋላችሁ ተቀምጬ አየኋችሁ» አለች። «ደስ ትሉ ነበር። ለማጥናት ግን ጊዜ ይፈጃል።»

የምረቃው ቀን ንግግር ያደረገችው ዙሌማ ናት፤ አጭር ነበር፤ አያቷን በስፓኒሽ አመሰገነች፤ ግማሹ ስታዲየም አለቀሰ። ኦራሊያና ኤፍራይን በቤተሰብ ስማቸው ቅደም ተከተል ስለተቀመጡ መካከላቸው ብዙ ሰው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያማረ ይሆን ነበር። የሰው ኑሮ ግን እዚያ አያበቃም። ኦራሊያ ለትምህርት ኦስቲን ሄደች፤ ኤፍራይን እዚሁ ቀርቶ ከተማችን አጠገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አባቱን ጥሎ መሄድ አልቻለም። በስልክ ያወሩ ነበር። ሲያወሩ ግን ምን እንደሚባባሉ ጠፋባቸው፤ ፍቅር የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ስንት አመጣህ፣ ስንት አመጣሽ ይባባላሉ። እሷ ከፍ ያለ ውጤት ስትነግረው ዝም ይላል፤ ዝም ሲላት ቀንቶ ነው ትላለች፤ ቀንተሃል ስትለው ደክሞኝ ነው ይላል። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን መደዋወሉ ቀረ። ማን ማንን እንደተወ ሁለቱም አያውቁም። ስልኩ ብቻ ዝም አለ፤ ዓመታትም አለፉ። እሷ ከሌላ ልጅ ጋር ጀምራ ነበር፤ ደግ ልጅ ነበር፤ ስትጠይቀው ሁሉን ነገር አንቺ እንዳልሽ ይላታል። ከሱ የተለየችው በዚህ ነው መሰለኝ፤ እሷ ግን አላውቅም ነው ያለችው።

ፋርማሲ ጨርሳ ወደዚሁ ተመለሰች። አጎቴ ቼማ ታሞ ነበር፤ ደግሞም ኦስቲን ባይቆረቁራትም አልጣማትም። ሥራ የያዘችው እዚህ አጠገብ ባለችው ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ ቀና ስትል ኤፍራይን ቆሟል። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የመስኖ ድርጅቱ መሐንዲስ ሆኗል፤ ፓምፕ ሲፈታ ብረት ቆርጦታል። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሊወስድ ነው የመጣው።

ኦራሊያ የትውልድ ቀኑን ጠየቀችው።

«እያወቅሽው?»

«ደንብ ነው።»

ነገራት። ስትጽፍ እጇ ሌላ ጻፈ፤ የራሷን የትውልድ ቀን። ኮምፒውተሩ ፈልጎ አጣ።

«እንደዚህ የሚባል ሰው የለም ይላል» አለች።

«እዚሁ ቆሜያለሁ እኮ፣ ካንቱ።»

ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች አጉረመረሙ። ኦራሊያ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ የሥራ ባልደረባዋ መጥታ ተካቻት። ውጭ ወጥተው የመኪና ማቆሚያው ላይ ቆሙ። ያን ቀን ያወሩትን አልነገረችኝም። የመጀመሪያው ነገሯ ነው እኔ ጆሮ ያልደረሰው፤ ትንሽ ከፋኝ፤ ኋላ ግን ገባኝ።

በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ፤ እራት እኛ ጓሮ ውስጥ በላን። ዶን ላሎ ከዘራውን ጥሎ ጨፈረ፤ ዶኛ ኤልቪራ ሙሽራይቱ ቀሚሷን ከሱቅ ገዝታ ስለመጣች ምሽቱን ሙሉ ስፌቱን እያየች ራሷን ነቀነቀች። አሁን ከእኛ ቤት ብዙ በማይርቅ ሰፈር ይኖራሉ። ይጨቃጨቃሉ። ብዙ ጊዜ ማን ትክክል እንደነበረ ለማወቅ መጽሐፍ ይገለጣል። ባለፈው የካቲት ብርዱ ብርቱካኑን የመታ ጊዜ ደግሞ እሱ ዛፎቹን በውሃ ከውርጩ ለማዳን ቀን ከሌት ቦዩ ላይ ከረመ፤ እሷ ከሥራ ስትወጣ እራቱን ይዛ ትሄድለታለች፤ የውሃው መጠን እንዴት እንደሚሰላ ነግራው ትመለሳለች። እሱ ሰምቶ በራሱ መንገድ ያደርገዋል።

በዚያ ሰሞን ነው አብረን ሰሃን ስናጥብ የድሮውን ነገር ሁሉ ዘርግታ የነገረችኝ። ታዲያ መቼ ነው የወደድሽው፣ ሂሊየም ላይ ነው ወይስ ፓምፑ ጋ አልኳት። ሰሃኑን ይዛ ቆመች። ያቺ ሁሉን የምታውቅ ልጅ፣ እጇን ያላወጣችበት ጥያቄ የሌለ ልጅ፣ ብዙ አሰበች።

«አንዳንድ ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር አየዋለሁ» አለች። «ይሄ ሰውዬ ማነው እላለሁ በሆዴ። ከዚያ ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን አላውቅም፣ ቤሊ። በእውነት አላውቅም።»

ሰሃኑን ሰጠችኝ፤ አደረቅኩት።